የእናቴ ዶክተር

በዜና ቋንቋ ውስጥ እንደ «ተመላሽ» የሚገርመኝ ቃል የለም። «ከስደት ተመላሾች»፣ «ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመላሽ ዜጎች»፣ «ለተመላሾች ድጋፍ ተደረገ»... ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ ክፋት የለበትም። እንዲያውም ደግ ቃል ነው፤ የሄደ ሰው ሲመለስ ደስ ይላል። ግን እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሰው ለመመለስ መጀመሪያ መሄድ አለበት፤ ለመሄድ ደግሞ መጀመሪያ እዚያው መኖር አለበት። እኔ በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት ጅዳ ነው። ከዚያን ቀን በፊት ኢትዮጵያን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። መዝጋቢው ግን ከእናቴ ስም ሥር የእኔንም ስም ጻፈና ሁለታችንንም በአንድ ቃል አጠቃለለን፦ ተመላሽ።

ታዲያ ወዴት ነው የተመለስኩት? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ለራሴ ብቻ ሳቀርብ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ለትምህርት ብዬ እናቴን ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት ግን ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ከሥሩ ልጀምር። እናቴ ከኮምቦልቻ ብዙም ከማይርቅ የገጠር ቀበሌ ናት። ትምህርቷን ያቋረጠችው 4ኛ ክፍል ላይ ነው። በ1993 ዓ.ም. ከአንድ ዘመዷ ጋር በዑምራ ቪዛ ጅዳ ገባች። በዑምራ የሄደ ሰው ዑምራውን ጨርሶ በተወሰነለት ቀን መመለስ ነበረበት። እናቴ አልተመለሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት የሌላት ሰው ሆነች። አባቴ ደግሞ በሌላ መንገድ እዚያው ደረጃ ላይ ደርሷል። እሱ የሄደው በሕጋዊ ውል፣ በእረኝነት ሥራ ነው። ያን ጊዜ እዚያ አገር ሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃዱን (ኢቃማውን) የሚያገኘው «ከፊል» በሚሉት አሠሪ በኩል ነበር። በአማርኛ «ግማሽ» የሚል ቢመስልም በዐረብኛ ዋስ ማለት ነው። ሠራተኛው ከከፊሉ ጋር ካልተስማማና ጥሎ ከወጣ ኢቃማው ዋጋ ያጣ ነበር፤ በአንድ ቀን ሕጋዊ የነበረው ሰው ሕገ ወጥ ይሆን ነበር። አባቴ ከበረሃው ወጥቶ ጅዳ ሲደርስ እንዲያ ነበር። መኪና እያጠበና ማታ ማታ ሕንፃ እየጠበቀ ሳለ ከእናቴ ጋር ተዋወቁ። ኒካሕ የታሰረላቸው በአንድ ያገር ልጅ ቤት ነው። እኔ በ1997 ዓ.ም. ስወለድም ሆስፒታል አልተሄደም። አንዲት የአገራችን ሴት ናት ያዋለደቻት። የልደት ወረቀት ምናምን የለኝም፤ ልደቴን የማውቀው እናቴ «ረመዷን ሊገባ ሲል ነው» ስላለችኝ ብቻ ነው።

የጅዳ ልጅነቴ በአብዛኛው አንድ ክፍል ውስጥ ያለፈ ልጅነት ነው። በር ሲንኳኳ ዝም ማለት፣ መጋረጃ አለመግለጥ፣ ደረጃ ላይ አለመጮህ። አባቴ (እዚያ ባባ ነበር የምለው) በሩን የሚያንኳኳው በቁልፉ ጫፍ ሦስት ጊዜ ነበር። እሱን ስሰማ ብቻ ነው የምንቀሳቀሰው። ፊደል የቆጠርኩት ላይኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ያገር ሴት ዘንድ ነው። ማታ ማታ ስድስት ሰባት የምንሆን ልጆችን ሰብስባ በቴምር ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እየጻፈች «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ታስብለናለች። «አገራችሁ ስትገቡ ታፍራላችሁ» ነበር የምትለን። አገራችን የት እንደሆነች የምናውቀው ከማቀዝቀዣችን በር ላይ ከተለጠፈችው ፎቶ ነው።

ፎቶዋ የቤት ፎቶ ናት። በየወሩ ገንዘብ ኮምቦልቻ ላለው አጎቴ ይላካል፤ አጎቴ ደግሞ ፎቶ ይልካል። መጀመሪያ መሠረቱ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ከዚያ ጣሪያው። በመጨረሻ የመጣችው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብረት በር ያላት ናት። ባባ ከሥራ ሲገባ ፎቶዋን በጣቱ መታ መታ ያደርግና «ይሄውና፣ ደርሰናል» ይላል።

ከዚያ 2006 መጣ። የሳዑዲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው ሰዎች እንዲያስተካክሉ ወይም አገሩን እንዲለቁ የሰጠው ወደ 7 ወር የሚጠጋ የምህረት ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን አለቀና በማግሥቱ አፈሳው ተጀመረ። ሪያድ ውስጥ መንፉሓ በሚባለው ሰፈር ግጭት ተነስቶ ሰው መሞቱን በስልክ ሰማን። እናቴና እኔ የተያዝነው ባባ ሥራ ላይ እያለ ነው። «ተርሒል» በሚባለው ማቆያ 11 ቀን ቆየን። ከዚያ ባዶ እጃችንን ማለት ይቻላል፣ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዘን አውሮፕላን ተሳፈርን። ባባ ተደብቆ ቀረ። በጥቂት ወራት ውስጥ በዚህ ሁኔታ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አገር ገብተዋል። ብዙዎቹ ወንዶችና ሴቶች ሠራተኞች ናቸው፤ እንደኔ እዚያው የተወለዱ ልጆችም ነበሩ። ቁጥሩ ሲነገር ግን ሁላችንም «ተመላሽ» ነን።

ቦሌ ስንደርስ ውኃና ብስኩት ተሰጠን፤ ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። አንድ ጋዜጠኛ ካሜራ አስከትሎ መጣና ማይክሮፎኑን ለእናቴ ደቀነ። «አገርዎ ሲገቡ ምን ተሰማዎት?» አላት። እናቴ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። አንድም ቃል አልመለሰችለትም። እሱም ቸኩሎ ስለነበር ወደ ሌላ ሴት ዞረ። በዚያው ምሽት የኮምቦልቻ ዘመዶቻችን በቴሌቪዥን አይተዋት ነበርና ስንደርስ ከ«እንኳን ደህና መጣችሁ» በፊት «በቴሌቪዥን አየንሽ» አሏት። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋዜጠኛ አትወድም። ሥራዬን ሳልጀምር ከወዲሁ የተቃወመኝ ሰው ቢኖር እሷ ናት ማለት ነው!

ሰማያዊው በር እውነት ነበር። ፎቶ ላይ እንደነበረው ቆሟል። ቤቱም አለ፤ ግን ውስጡ የአጎቴ ቤተሰብ ነው የሚኖረው። ካርታው የወጣው በአጎቴ ስም ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። እናቴ ግን ይህን ተረት አንድም ቀን ስትተርት ሰምቻት አላውቅም። በገዛ ገንዘቧ በተሠራው ቤት ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ኖርን። ከዚያ ወጥታ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራየችና ምግብ መሸጥ ጀመረች። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ የለመደችውን ከብሳ በጁምዓ ጁምዓ ትሠራለች። ዛሬ ከሰላት በኋላ የእናቴን ሩዝ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

እኔ 2ኛ ክፍል ገባሁ። እናቴን «ማማ» ብዬ ስጠራ የሰሙ ልጆች በሳቅ ፈነዱ። «ማማ ላይ ወጥተሽ ወፍ ልትጠብቂ ነው?» አሉኝ። ማማ እህል የሚጠበቅበት ቆጥ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በሳምንቱ «እማ» ማለት ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ዐረብኛዬም ሄደ። ዛሬ የቀረኝ ለቁጣና ለፍቅር የሚሆነው ብቻ ነው፤ «ኸላስ» እና «ሐቢብቲ»።

ባባ በየሳምንቱ በኢሞ ይደውላል። ስክሪኑ ይቆራረጣል፤ ፊቱ ካሬ ካሬ ይሆናል። ሁሌም የመጀመሪያ ጥያቄው «ዶክተራችን እንዴት ናት?» ነው። ዶክተሯ እኔ ነኝ። ማን እንደጀመረው አላስታውስም፤ ብቻ ከጅዳ ጀምሮ ዶክተር ነበርኩ። እናቴም ለደንበኞቿ ስታስተዋውቀኝ «ዶክተሬ ናት» ትላለች። ልጅ ሆኜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስም ነው እንጂ ሥራ መሆኑን መች አውቄው!

ባባ ያረፈው በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ነው። የስኳር በሽታ ነበረበት። እግሩ ላይ የወጣች ቁስል አልድን አለችው። ሐኪም ቤት ቢሄድ ኢቃማ እጠየቃለሁ ብሎ ፈራ። ከፋርማሲ ክኒን እየገዛ ቆየ። ወሬውን የነገረን በባባ ቁጥር በኢሞ የደወለ ሌላ ሰው ነው። ቁጥሩን ስናይ እኔና እናቴ ተሽቀዳድመን ነበር ያነሳነው። የተቀበረው እዚያው ነው። እናቴ 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ ተቀመጠች፤ ሬሳውን ላላየችው፣ መቃብሩንም ለማታየው ሰው። ለቅሶ የመጣው ሰው «አላህ ይማረው» ይልና ወደኔ ዞሮ «አንቺ አለሽላት፣ ዶክተር ሆነሽ ትክሻታለሽ» ይላል። የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ «ዶክተር» ቅጽል ስም መሆኑ ቀረ። የአደራ ቃል ሆነ።

የአደራ ነገር ከባድ ነው፤ በተለይ አደራ ሰጪው ሲሞት። ከሕያው ጋር ትከራከራለህ፣ ትደራደራለህ፣ ታኮርፋለህ። ከሞተ ሰው ጋር ግን ምን ይባላል?

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ወደ ገጠር ዘመዶቻችን ሸሸን። እንግዲህ ያን ጊዜ ስማችን «ተፈናቃይ» ሆነ። እናቴ ሻንጣዋን ስታነሳ «ይቺን ሻንጣ ሁለተኛ አላነሳትም ብዬ ነበር» ማለቷን አስታውሳለሁ። ገጠር ሳለን የነበረን አንድ ሬዲዮ ነው። ሁሉም ሰው ዙሪያውን ከብቦ ያዳምጣል። ስለ ከተማችን ብዙ ይባላል፤ ስለ ሰፈራችን ግን አንድም የሚናገር የለም። የማን ቤት ተቃጠለ? ማን ቀረ? ማን ወጣ? እኔ በደብተሬ ጀርባ ከሚመጡት ሰዎች የሰማሁትን መጻፍ ጀመርኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነገረኝን ሰው ስም። ጎረቤቶቻችን ሲመጡ «እስቲ ያቺ ልጅ የጻፈችውን ታንብብልን» ይሉ ጀመር። ለምን ጋዜጠኝነት እንደመረጥኩ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሴ ያ ደብተር ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ኮምቦልቻ ገባን። በዓመቱ መጨረሻ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች «ናቹራል» ወይም «ሶሻል» መምረጥ ነበረብን። እዚህ የምታነቡ ሁሉ እንደምታውቁት ሕክምና የሚገባው በናቹራል በኩል ነው፤ ሶሻል የገባ ሰው የዶክተርነትን በር በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። ሒሳብና ባዮሎጂ አልከበደኝም ነበር፤ እንዲያውም ጥሩ ነበርኩ። ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ማታ እናቴ ሩዝ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ለቀመች። ብዙ ቆይታ «እንኳን አባትሽ ይህን አልሰማ» አለች። ከዚያ ለሦስት ቀን «ብዪ» እና «በሩን ዝጊው» ከሚሉት በቀር ቃል አልወጣትም።

እኔም በሦስተኛው ቀን ቅጹን ሞላሁ። ሶሻል።

በ2016 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈተንኩ። የዚያን ዓመት ከተፈታኙ ከ100 ሰው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 5 ያህሉ ብቻ ነው። እኔ ከአምስቱ አንዷ ሆንኩ። እናቴ እልል አለች፣ ሰደቃ አወጣች፣ ጎረቤት ጠራች። ግን አንዲት ሴት «ዶክተርሽ ደረሰችልሽ አይደል?» ስትላት እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ውጤቴ ደስ ብሏታል፤ ሐዘኗም እዚያው ነበር። ሁለቱን በአንድ ፊት ላይ ማየት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። በቃለ መጠይቅ ትምህርት መምህራችን «የምታውቁትን ሰው የማታውቁትን ነገር ጠይቁ» የሚል ሥራ ሰጡን። ብዙዎቻችን አያቶቻችንን፣ የሰፈር ሽማግሌዎችን መረጥን። እኔ ለዕረፍት ኮምቦልቻ ስሄድ እናቴን ያዝኳት። መጀመሪያ «ለጋዜጠኛ አልናገርም» ብላ ሳቀች። የቀን ሥራዋ ካለቀ በኋላ ግን ቡና አፈላችና ስልኩን ረከቦቱ ጥግ አስቀመጥኩት። 40 ደቂቃ ተቀዳ።

ስለ ሕግ ጀመርኩ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሲወጣ ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ እንደነበር ነገርኳትና «በአንቺ ጊዜ ቢኖር ትሄጂ ነበር?» አልኳት። ሳቀች። «እኔ መች በሥራ ሄድኩ? በዑምራ ነው የሄድኩት። 4ኛ ክፍል ያለችውን ማን ያስቀራታል? በሌላ በር ትወጣለች።» መምህራችን ስለ ፖሊሲ ትንታኔ ሲያስተምሩን ካጠናሁት ሁሉ ይህች መልስ ትበልጥብኛለች።

ከዚያ ስለ ባባ ጠየቅኳት። የማውቀው ታሪክ መስሎኝ ነበር። አላውቀውም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሳዑዲ ሌላ ምህረት አውጇል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ሳይቀጣ በሰላም እንዲወጣ መጀመሪያ 90 ቀን ተሰጠ፣ በኋላም ተራዘመ። ባባ በኢሞ ደውሎ «ልምጣ?» ብሏታል።

«ምን አልሽው?»

«ቆይ አልኩት።» ስኒውን ዞር ዞር አደረገችው። «ገንዘብ አልነበረንም። ቤቱ እንደሆነ ሄዷል። ኪራይ ነው፣ ያንቺ ትምህርት ነው። አንድ ዓመት ጨምርና አንዲት ክፍል እንኳ ገዝተን እንግባ አልኩት። ‹እሺ፣ አንቺ ካልሽ› አለኝ። እግሩ ያን ጊዜ ጀምሮት ነበር ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ አላውቅም። አልነገረኝም። ና ብዬው ኖሮ ይመጣ ነበር።»

ስልኩ እየቀዳ ነው። ምን እንደምል ጠፋኝ። በመጽሐፍ የተማርነው «ተጠያቂው ዝም ሲል አንተም ዝም በል» ይላል። እኔ ዝም ያልኩት ግን ተምሬው አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ ይቺን ነገር ብቻዋን ተሸክማ ጁምዓ ጁምዓ ሩዝ ስትሠራ ኖራለች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር የገባኝ መሰለኝ። ለካ ዶክተር የፈለገችው ለዚህ ነው፤ ባባን የሚያድን ሐኪም ስላልነበረ፣ እኔ ሐኪም ሆኜ እንድክስ ነው አልኩ በሆዴ። ይህንኑ ጠየቅኳት። «ባባ ሐኪም ስላላገኘ ነው ዶክተር ሁኚ የምትዪኝ?»

«አይ» አለች ወዲያው። «ሐኪም መች ጠፋ? ጅዳ ሐኪም ሞልቷል። በሽታው አይደለም የያዘው፤ ፍራቻው ነው። አንቺ ዶክተር ብትሆኚም ወረቀት የሌለው ሰው እንዴት አድርጎ ይመጣልሻል?»

«ታዲያ ለምን?»

እናቴ ስለ አንዲት ሴት አወራችኝ። ጅዳ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን የምታጸዳው ቤት ነበራት። የቤቱ ባለቤት ሱዳናዊት ዶክተር ናት። ጥቁር ናት፣ ባዕድ ናት፣ እንደኛው ስደተኛ ናት። ጠዋት ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ስትወጣ የሕንፃው ጠባቂ ከመቀመጫው ይነሳላታል። አንድ ቀን እናቴ አብራት ገበያ ሄዳ መንገድ ላይ ፖሊስ ቆሞ ወረቀት ይጠይቃል። የእናቴ ጉልበት ከዳት። ዶክተሯ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ሐኪም ነኝ» አለች። ፖሊሱ «ተፈደሊ ያ ዶክቶራ» ብሎ አሳለፋቸው። የእናቴን ፊት እንኳ አላየም።

«ያን ቀን ነው ያልኩት» አለች። «አንቺ ያኔ ሁለት ዓመትሽ ነው። ወላሂ፣ ልጄ እንደሷ ትሁን አልኩ። ማከሙን አይደለም። መፍራቱ ይቅርላት ነው ያልኩት።»

ለእናንተ እንዴት እንደሚሰማችሁ አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚያ ማታ በኋላ «ዶክተር» የሚለውን ቃል እንደ ድሮው ልሰማው አልቻልኩም። ለዓመታት በእሷና በእኔ መካከል የቆመው ነገር የሙያ ምርጫ ይመስለኝ ነበር። እሷ ክብር ፈልጋ፣ እኔ ነፃነት ፈልጌ የምንጣላ ይመስለኝ ነበር። በየጽሑፉ የምናነበው «የወላጆች ጫና» የሚባለው ነገር መሆኑ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እናቴ ዓለምን የምታውቀው በአንድ መንገድ ነው፤ ሰው ወይ ወረቀት ይጠየቃል ወይ አይጠየቅም። ከማይጠየቁት ወገን ሆና በቅርብ ያየቻት ስደተኛ አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ዶክተር ሆና ተገኘች። ያቺ ሴት መሐንዲስ ብትሆን ኖሮ እኔ ዛሬ «ኢንጂነር» ነበርኩ!

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። እናቴ ስለ እኔ ስታልም አሁንም በሐሳቧ ውጭ አገር ነኝ። 12 ዓመት ኮምቦልቻ ከኖርን በኋላ፣ ተባርራ፣ ባሏን እዚያ ቀብራ፣ ቤቷን እዚህ አጥታ፣ አሁንም ልጇን የምታየው የሰው አገር መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያሳልፋት ነው። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥያቄዬ የተመለሰልኝ። ወዴት ተመለስኩ ስል ኖሬ፣ ለካ እናቴም ገና አልተመለሰችም። የተባለችው ተመልሳለች ነው፤ መዝጋቢው ጽፏል። ግን ሰው የሚመለሰው ወደ ቤት ነው፤ ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃት።

በእሷ ቦታ ሆኜ ሳየው የእኔ ምርጫ ለምን እንዳስፈራት ይገባኛል። ጋዜጠኛ በእኛ አገር ወረቀት ከማይጠየቁት ወገን ነው ብዬ ልከራከራት አልችልም። ሁላችንም እናውቀዋለን። መታወቂያ ያለው ጋዜጠኛ እንኳ ስንት ቦታ «ማን ላከህ?» ይባላል። ስለዚህ ፍርሃቷን ላጠፋላት አልቻልኩም፤ እውነት ነውና። የመረጥኩትንም አልተውኩም። ያ ደብተርም እውነት ነውና። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር ይዤ መኖር ነው ያለብኝ። ብዙ የስደተኛ ልጆች እንዲህ የሚኖሩ ይመስለኛል። ወላጆቻችን የከፈሉትን ዋጋ በእነሱ ምኞት መክፈል አንችልም፤ ዋጋው እንዳልተከፈለ ሆነንም መኖር አንችልም።

ይህንን በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ የማወጣው ለምሬት አይደለም። በክፍላችን ውስጥ ብቻ እናቷ ቤሩት ያለች፣ አባቱ ዱባይ የቀረ፣ እህቱ ጅዳ ያለች ስንት ልጅ እንዳለ እናውቃለን። የትምህርት ክፍያችን፣ ስልካችን፣ አንዳንዴም ይህን የምንጽፍበት ኮምፒውተር የመጣው ከዚያ ነው። ነገ ደግሞ ማይክሮፎን ይዘን ቦሌ የምንቆመው እኛ ነን። ያን ቀን «አገርዎ ሲገቡ ምን ተሰማዎት?» ብለን እንዳንጠይቅ ነው የምለው። ለደከመ ሰው ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ልቅሶ ማስነሻ ነው። እናቴን «ታዲያ ያኔ ምን ቢጠይቅሽ ትመልሺለት ነበር?» ብያት ነበር። ሳታስብ ነው የመለሰችልኝ። «ማን ቀረብሽ ቢለኝ እነግረው ነበር። ወዴት ነው የምትገቢው ቢለኝም እነግረው ነበር። ምናልባት ያን ጊዜ የቤቱን ነገር ሰው ይሰማልኝ ነበር» አለች። ሁለት ጥያቄ ነው፤ ማን ቀረ? ወዴት ትገባላችሁ? እኔ በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌያቸዋለሁ።

ጽሑፉን ከመስጠቴ በፊት በስልክ አነበብኩላት። ስሟ እንዳይጠቀስ አለች፤ አልጠቀስኩም። አጎቴ ዘንድ የተላከው ገንዘብ ስንት እንደሆነ እንዳልጽፍ አለች፤ «ወንድሜ ነው፣ ልጆቹም ያነባሉ» ብላ። አልጻፍኩም። ስለ በሩ ቀለም ግን «ተይው፣ ይኑር» አለች። ስለ ባባና ስለ ምህረቱ ያለውን ስደርስበት ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማ?» አልኩ። «አለሁ። እሱንም ተይው፣ ይወቁት» አለችኝ።

ከዚያ ወሬ ስንቀይር፣ መምህሮቻችን እነማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ዶክተር እገሌ፣ ዶክተር እገሊት እያልኩ ስቆጥርላት አስቆመችኝ።

«ቆይ፣ በጋዜጠኝነትም ዶክተር ይኮናል?»

«ይኮናል እማ፣ ብዙ ዓመት ይፈጃል እንጂ። ግን ሰው አያክምም።»

«እኔ መች አክሚ አልኩሽ?» አለችኝ።